ለቀባሪ ደንብ፣ ለጧሪዋ ምርቃት

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ምርቃት ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው መነገራቸው ግን እኔን ይከነክነኛል። በአንድ ትንፋሽ ይጠሩ እንጂ ጧሪና ቀባሪ በኑሮ እኩል ሆነው አያውቁም።

ከላላን እንውሰድ። ከቦረና፣ ከለጋምቦና ከጃማ ጋር በሚዋሰነው በዚህ የደቡብ ወሎ ደጋ ሰው ሲሞት ቅሬ አለ። የወሎ ቅሬ እስላም ክርስቲያኑን ያስተሳሰረ ማኅበር ነው። ዳኛ አለው፤ ደንብ አለው፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። በሽተኛም ከገደል ማዶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድ ሲሆን ወንዱ ቃሬዛውን እየተቀባበለ ይሸከማል። ሸክሙ በአደባባይ ነውና ይታያል፤ ይወሳል፤ ነገ በብድር ይመለሳል።

ቃሬዛው ከመነሣቱ በፊት የነበሩት ሁለትና ሦስት ዓመታትስ? ሽማግሌውን ማን ሲያገላብጥ ነበር? አጥሚቱን ማን አፈላ? ልብሱን ማን ወንዝ ወርዶ አጠበ? ሌሊት ሲያቃስት ማን ተነሣ? «ቤተሰቡ» ይባላል። የእኔ ጠብ ከዚህች ቃል ጋር ነው። ቤተሰብ ሌሊት አይነሣም። የምትነሣው አንዲት ሴት ናት፤ ወይ ያላገባች ልጅ፣ ወይ ከባሏ ተፋታ የተመለሰች፣ ወይ ምራት። ለእሷ ዳኛ የለም፤ ተራ የለም፤ የቀረ ወንድሟን የሚቀጣ ደንብ የለም። የቤተሰብ ሕጉ እንኳ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የጣለው በልጆች ላይ እንጂ በሴቷ ላይ ብቻ አይደለም።

ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤተሰብና ጤና በተወራ ቁጥር «የእኛ ሕዝብ አረጋዊ አይጥልም» የሚል አይጠፋም። ይህ ውዳሴ እንጂ ጥናት አይደለም። የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ሥራው ቤተሰብ የሚባለውን በር ከፍቶ መቁጠር ነው፤ ስንት ሰዓት? በማን ወገብ? በየትኛዋ ልጅ ትምህርት?

ውዳሴው ለመንግሥትም ተመችቶታል። ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። ሕጉ ለመንግሥት ሠራተኛ በ1955 ዓ.ም.፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በ2003 ዓ.ም. ደረሰ፤ የከላላ ገበሬ ጋ ግን አልደረሰም። የእሱ ጡረታ ሴት ልጁ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ መጸዳጃ ቤት አለበት፣ ክትባት አለበት፣ ወባ አለበት፤ አልጋ ላይ የዋለን አዛውንት ማስታመም ግን የራሱ ርዕስ አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ለሕክምናው ይከፍላል እንጂ ሥራዋን ጥላ መካነ ሰላም ወይም ደሴ ሆስፒታል ደጃፍ ለምታድር አስታማሚ አላሰበም። እሷ ባትኖር በሽተኛውን ማን ያጎርሰዋል? ከውጭ የታዘዘ መድኃኒትስ ማን ሮጦ ያመጣለታል?

በዚህ መሐል ልጅቱ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አስወጣች፤ የእኛም መንግሥት ጉዞውን አገደ፤ ኋላ እገዳው ተነሣ፤ የወሎ ልጆች መንገድ ግን መቼም አልተዘጋ። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ በ2000 እ.ኤ.አ. ለዚህ ነገር ስም አውጥታለታለች፤ «ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ ሰንሰለት» ትለዋለች። ከሩቅ አገር የመጣችው ሠራተኛ የሀብታም ቤት ሕፃንና አዛውንት ትይዛለች፤ የእሷን ቤት ታናሽ እህቷ ትይዛለች። ጂዳ ላይ የሰው እናት ማጠብ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ከላላ ላይ የገዛ እናትን ማጠብ ደብተሯን ያስቀመጠች የታናሽየዋ «ግዴታ» ነው። ታላቅየዋም እናቷን ጥላ ሄደች ተብላ ትታማለች። አዲስ አበባ ለቀን ሥራ የሄደውን ወንድም ግን ማን አምቶት ያውቃል?

«ታዲያ ማስታመም በደንብና በቅጣት ይሁን? ፍቅር ይሸጥ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቅሬውስ? ለሬሳ መዋጮና ቅጣት ሲጣል ፍቅር ተሸጠ ያለ አልሰማሁም።

ደንብ ደግሞ ይሻሻላል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያለውን በሽተኛ መርዳት ጀምረው ነበር። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያምም በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ እድር ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ አቅም መርምረዋል። እድር የቻለውን ቅሬ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ከላላ ቀበሌዎች ልኮ የአስታማሚዎቹን ሰዓት ያስቆጥር። ቅሬውም በሚቀጥለው ስብሰባው አልጋ ላይ ለዋለ ሰው የሌሊት ተራ ያውጣ፤ ለአስታማሚዋ የገበያ ቀኗን ነፃ ያድርግላት። ወንድምየውም ተራው ደርሶ ከቀረ፣ ከቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ።