ምስክሩ በሕይወት ሳለ የወታደሩ መዝገብ ይታረም

ለደራ ከተማና ለዶዶታ ወረዳ ነዋሪዎች፣ በአዋሽ መልካሳ፣ በኢተያ፣ በሁሩታ፣ በወንጂና በአዳማ ለምትገኙ ጡረተኛ ወታደሮች፣ ለባለቤቶቻችሁና ለልጆቻችሁ የቀረበ ጥሪ

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሠራዊቱ ያገለገለ አባትም ሆነ እናት በዚህ ዓመት የግል ማኅደሩን ይጠይቅ። የተዘለለ ግዳጅ፣ የተቆረጠ የአገልግሎት ዘመን ወይም ያልተመዘገበ ሜዳሊያ ካለ እንዲታረም በጽሑፍ ያመልክት። እኛ ጎረቤቶቹ ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከጎኑ አንለይ።

«በዚህ ዓመት» ያልንበት ምክንያት አለን። የኢትዮጵያ ሠራዊት ካራማራን አልፎ ጅጅጋን ያስለቀቀው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረው ወታደር ዛሬ ሰባ ሊሞላው ተቃርቧል፣ አዛዡ የነበረው መኮንን ከእርሱም ይበልጣል። ኮንጎ የዘመቱት ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፣ ኮሪያ የዘመቱትና እስካሁን ያሉት ዘጠናን ተሻግረዋል። ማኅደር ሲጎድል «አዎ፣ እዚያ ግንባር አብረን ነበርን» ብሎ የሚፈርመው የሻምበሉ አዛዥ ነው፣ የምሽግ ጓዱ ነው፣ ቆስሎ ሳለ የተሸከመው ባልደረባው ነው። በየወሩ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ቀብረን እንመለሳለን። አብሮት የሚቀበረው ምስክርነት የሌላ ሰው የጡረታ መብት ሊሆን ይችላል።

ችግሩን በቅርብ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደራ ውስጥ የምናውቃቸው አንድ አባት ሦስት ወረቀቶች አሏቸው። የመጀመሪያው በአማርኛ የተጻፈው የስንብት ደብዳቤያቸው ነው። ሁለተኛው በአፋን ኦሮሞ የተሰጣቸው የቀበሌ መታወቂያ ነው። ሦስተኛው ከሩዋንዳ የሰላም ማስከበር ግዳጅ ይዘውት የተመለሱት የተባበሩት መንግሥታት የምስክር ወረቀት ነው፣ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው። ስማቸው በ«ጫ» ይጀምራል። በቁቤ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ሲ ብቻ ነው፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ግን ሲና ኤች ሆኗል። የእንግሊዝኛው ወረቀት የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ አስቀድሞታል። ለማያውቃቸው ጸሐፊ እነዚህ ሦስት ወረቀቶች የሦስት ሰዎች ናቸው።

ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው። ግዳጁ የተፈጸመው በ1987 ዓ.ም. ነው፣ ምስክር ወረቀቱ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1995 ይላል። ያንን ቁጥር አንድ ጸሐፊ እንደ እኛ 1995 አድርጎ ካነበበው፣ አባታችን ሩዋንዳ የሄዱት ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ በኋላ ይመስላል። «አይገናኝም» ተብሎ ይመለስባቸዋል። ሜዳሊያቸው በእጃቸው አለ። በፊቱ የድርጅቱ ዓርማ፣ በጀርባው «በሰላም አገልግሎት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። የዚህ ዓይነቱ ሜዳሊያ የሚሰጠው በግዳጁ ላይ ቢያንስ 90 ቀን ላገለገለ ሰው ነው። ነገር ግን የተሸላሚው ስም አልተቀረጸበትም። ስለዚህ ሜዳሊያው ብቻውን አይመሰክርም። ምስክር ወረቀቱ፣ ሲሸለሙ የተነሱት ፎቶግራፍና የጓዶቻቸው ቃል ሲታከልበት ነው ማስረጃ የሚሆነው።

የመዝገቡ መጓደል ከሠራዊቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከአርሶ አደሩ የተመለመለው ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ግንባር ዘመተ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት ሲታወጅ ደግሞ ወጣቱ በየዙሩ ገባ። ክፍሎች ተዋሐዱ፣ ተከፈሉ፣ ስማቸው ተለወጠ፤ ወታደሩም ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን ብዙው ከየግንባሩ በእግሩ ነው አገሩ የገባው። በኤርትራ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በረሃ ለበረሃ ያን መንገድ የተጓዘ ሰው መታወቂያውንና ደብተሩን ይዞ ካልተመለሰ ማን ይወቅሰዋል? ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ፣ በጾረናና በቡሬ ግንባር የተዋጉትም ብዙዎች ጦርነቱ እንዳበቃ ተሰናብተዋል። በየትኛው መንግሥት ዘመን ቢሆን፣ የታዘዘበት ግንባር የሄደ ወታደር የሄደበት ሊጻፍለት ይገባል።

ጉዳዩ ከእንጀራ ጋርም የተያያዘ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ስሌቱን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ለጡረታ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ 36 ወራት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከአሥር ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይታከላል። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ የአገልግሎት ዘመን ለአበሉ መሠረት መሆኑ ግን እንዳለ ነው። እስቲ በዚያ ስሌት እናስላው። አማካይ ደመወዙ 4,000 ብር የነበረ ወታደር አምስት ዓመት ከመዝገቡ ቢቆረጥበት 8.25 በመቶ ያጣል፣ ይኸውም በየወሩ 330 ብር ነው። እርሱ ሲያልፍ ሚስቱ የምታገኘው የአበሉን ግማሽ ነውና የእርሷም ድርሻ በየወሩ 165 ብር ይጎድላል። በመቆረጡ ምክንያት ከአሥር ዓመት በታች የወረደ ሰው ደግሞ የዕድሜ ልክ የአገልግሎት አበሉን ከነጭራሹ ያጣል። በግዳጅ ላይ የቆሰለም ግዳጁ ካልተመዘገበለት ቁስሉ ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል።

በአግባቡ የተያዘ መዝገብ ምን እንደሚያስገኝ ከቃኘው ሻለቃዎች እንማር። በኮሪያ ጦርነት የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን 6,037 መሆናቸው ተመዝግቦ ይታወቃል። ለጦርነቱ የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ለኢትዮጵያውያኑ «ኮሪያ» የሚለውን ስም በአማርኛ ፊደል ይዞ ነበር። ስማቸው ስላልጠፋ ከሰባ ዓመት በኋላ እንኳ ከኮሪያ ሪፐብሊክ ለዘማቾቹ ድጋፍ ይመጣል፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል አግኝተዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ይኸው ነው።

«ፋይሌ ጠፍቷል፣ ምን አደርጋለሁ?» የምትሉም ተስፋ አትቁረጡ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1973 የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የግል ማኅደሮች ወድመዋል። «መዝገባችሁ ተቃጥሏልና መብታችሁም አብሮ ተቃጥሏል» ግን አልተባለም። ከደመወዝ መክፈያ ሰነዶች፣ ከሆስፒታል መዝገቦችና ወታደሮቹ እቤታቸው ካስቀመጧቸው ወረቀቶች እያሰባሰቡ የብዙዎችን አገልግሎት እንደገና አቋቁመዋል። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። የክፍሉ የደመወዝ መክፈያ፣ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ካርድ፣ ጀርባው ላይ ቦታና ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ ከግንባር ለቤተሰብ የተላከ ደብዳቤ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈል።

አንደኛ፣ ጡረተኞች አባቶቻችንና እናቶቻችን፤ ሣጥናችሁን ክፈቱ። የስንብት ደብዳቤ፣ የቀድሞ መታወቂያ፣ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀት ሁሉ ይውጣ። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ የአገልግሎታችሁን ዝርዝር በቅደም ተከተል ጻፉ ወይም አጽፉ። የተቀጠራችሁበት ዓመት፣ የሠለጠናችሁበት ቦታ፣ መለያ ቁጥራችሁ፣ ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃና ሻምበል፣ የአዛዦቻችሁ ስም፣ የዘመታችሁበት ግንባር ከነወሩ፣ የቆሰላችሁበት ቀን፣ የተሸለማችሁት ሜዳሊያ ይግባበት። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋችሁ የውጭ ግዳጅ ሲሆን የፈረንጆቹንም ከጎኑ አስቀምጡ። ያላስታወሳችሁትን ባዶ ተዉት፣ በግምት አትሙሉት።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው ይግባ። ግዳጅ፣ ማዕረግና ሜዳሊያን የሚመለከተው ለመከላከያ ሚኒስቴር ነው። የአበል ስሌትን የሚመለከተው ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። በመጀመሪያ መከላከያ መዝገቡን አርሞ በደብዳቤ ያረጋግጥ፣ ያንን ደብዳቤ ይዛችሁ ስሌቱ እንዲስተካከል ጠይቁ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሱ። ማመልከቻችሁ የገባበትን ቁጥርና ቀን ሳትይዙ ከመዝገብ ቤቱ አትውጡ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጣችሁ። በጡረታ ውሳኔ ላይ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ይግባኝ የሚባለው ግን የተጻፈ ውሳኔ ሲኖር ነው። የይግባኙም የውዝፍ አበሉም ጥያቄ የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን እዚያው ጠይቃችሁ እወቁ።

ሦስተኛ፣ የጦር ጓዶች፤ ስልክ ተደዋወሉ። አሰላ ያለው ባቱ ያለውን፣ ባቱ ያለው ቢሾፍቱ ያለውን ይፈልገው። በአንድ ሻምበል የነበራችሁ ሦስትና አራት ሆናችሁ የምታውቁትን በየግላችሁ ጻፉ፣ ቃለ መሐላችሁን በሚመለከተው አካል ፊት ፈርሙ። ያያችሁትን ብቻ መስክሩ። ላልዘመተ ሰው በይሉኝታ የሚሰጥ ምስክርነት ወንጀል ነው፣ ከዚያም በላይ የእውነተኛውን ዘማች ቃል ያረክሳል። አንድ የሐሰት ወረቀት የተያዘበት መዝገብ ቤት ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ወረቀትም በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

አራተኛ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች፤ በእጃችሁ ያለው ስልክ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ወረቀቱን ሁሉ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። አባታችሁ ሲናገሩ ድምፃቸውን ቅረጹ፣ የአዛዦቹንና የቦታዎቹን ስም ደግመው እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ቢሮ ሲሄዱ አብራችኋቸው ሂዱ። ሜዳሊያው እንዳይሸጥ ወይም ለመጫወቻ እንዳይሰጥ ጠብቁ። ባሎቻችሁ ያለፉባችሁ እናቶችም ጉዳዩ አብሮ ተቀበረ አትበሉ። የተተኪ አበል የምታገኙ ከሆነ የእርሳቸው መዝገብ መታረም የእናንተም መብት ነው።

አምስተኛ፣ እድሮችና የቀበሌ አስተዳደሮች፤ እድር አባላቱን በስም ያውቃል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ «ሠራዊት ያገለገለ ማን አለ?» ብላችሁ ዝርዝር ያዙ። ጽሑፍ የሚችል አንድ መምህር ወይም ተማሪ ለእያንዳንዱ አባት መድቡ። ቀበሌዎች ደግሞ በአማርኛ፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ በተለያየ ፊደል የተጻፈው ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያለ ደጅ ጥናት ስጡ። ያ አንድ ገጽ ደብዳቤ የወራት ምልልስ ያስቀራል።

ለመከላከያ ሚኒስቴርና ለማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የምናቀርበው ጥያቄም አለን። ከደራ አዳማ ተደርሶ፣ ከአዳማ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሰማንያ ዓመት አዛውንት ያ መንገድ በአንድ ቀን ተሂዶ የሚመለስ አይደለም፣ የመኝታና የትራንስፖርት ወጪው ከአበላቸው ላይ ነው የሚነሳው። በዓመት አንድ ጊዜ ማኅደር የሚያይና ማመልከቻ የሚቀበል ቡድን አዳማ ድረስ ላኩልን። ማኅደሩ ያልተገኘለት ሰው የጓዶቹ ቃለ መሐላና የተጓዳኝ ሰነዶቹ ተመዝነው የሚታዩበት ግልጽ መመሪያ ይኑር። በቅርቡ ከዳርፉር፣ ከአብዬይና ከሶማሊያ ግዳጅ ተመልሰው ጡረታ ለሚወጡትም ገና ሳይሰናበቱ የግዳጅና የሜዳሊያ ዝርዝራቸው ተሟልቶ በእጃቸው ይሰጣቸው። ዛሬ በአንድ ገጽ የሚያልቀው ሥራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለልጆቻቸው ዕዳ እንዳይሆን።

ሥራው በዚህ ሳምንት ይጀመር። ጡረተኛ ወታደር ያለበት ቤት ወረቀቱን ያሰባስብ። እሑድ እድሩ ስም ይያዝ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ማመልከቻዎች ይጻፉና በሳምንቱ ውስጥ ይግቡ። ከጎረቤታችሁ ያሉ አንድ አባት ብቻቸውን ከሆኑ የእርሳቸውን ማመልከቻ ከራሳችሁ ጉዳይ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ እርሳቸው ለአገራቸው ሲዘምቱ የራሴን ጉዳይ ላስቀድም አላሉም።