እናትን በማራቅ ጨቅላ አይድንም

የኮሮና ወረርሽኝ አሜሪካን ሲመታ አገሪቱ ከሌላ መቅሠፍት ጋር እየታገለች ነበር። ፈንታኒል የተባለው ኃይለኛ ኦፒዮይድ (ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ዕፅ) በየቤቱ ገብቶ ነበርና፣ እስከ ሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. በነበሩት 12 ወራት ብቻ ከልክ ያለፈ ዕፅ የገደላቸው ሰዎች ከ100,000 አለፉ። ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ እናቶችም አልተረፉም፤ በእነሱ ላይ የደረሰው የዕፅ ሞት መጠን ከ2017 እስከ 2020 በ81 በመቶ ገደማ አሻቅቧል። ስለእነዚህ ሴቶች ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ዕፁ ጽንሱን እንዴት እንደሚጎዳ ከማስላት አያልፍም። ጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከዕፁ ባላነሰ ሕፃኑን የሚጎዳው እናቱን መጀመሪያ ከሕክምና፣ ስትወልድ ደግሞ ከልጇ የሚያርቀው አሠራር ነው፤ ወረርሽኙም ይህን ገሃድ አወጣው።

ኦፒዮይድ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል ክፉኛ ይታወካል። ብዙዎች ሕመሙን መቋቋም አቅቷቸው ወደ ዕፁ ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሰውነታቸው የቀድሞውን መጠን ስለማይችል ሞት ቅርብ ነው። ለነፍሰ ጡር ይህን ሕመም የሚያስታግሡት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የተባሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙትም ለዚህ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የወሰደች እናት ሕፃን ከተወለደ በኋላ ሊንቀጠቀጥ፣ አልቅሶ ዝም አልል ሊል፣ ጡት መጥባት ሊያቅተው ይችላል፤ ይህ ግን በሐኪም እጅ የሚድን ሕመም ነው። ችግር ግን ነበረ፤ ሜታዶን ለማግኘት አብዛኛው ታካሚ በየቀኑ ማለት ይቻላል ክሊኒክ መሰለፍ ነበረበት፤ ሆዷ የገፋ ሴትም ጭምር። በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ አስገድዶ ደንቡ ላላ፤ የተረጋጉ ታካሚዎች እስከ 28 ቀን፣ ሌሎችም እስከ 14 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ወደ ቤት እንዲወስዱ ተፈቀደ፤ ቡፕረኖርፊንም ከሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግሮ መጀመር ተቻለ።

መድኃኒቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሰው ይገድላል ብለው የሰጉ ነበሩ። ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሜታዶን ያለአግባብ ከተወሰደ ገዳይ ነው። ይሁንና ከዕፅ ሞት ውስጥ ሜታዶን ያለበት ድርሻ በ2019 ከነበረበት 4.5 በመቶ በ2021 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ድርሻው ያነሰው ፈንታኒል የገደላቸው ስለበዙ ነው የሚል ተቃዋሚ በከፊል ልክ ነው። ቢሆንም በመጋቢት 2020 ከታየው ጭማሪ በኋላ የሌላው ዕፅ ሞት በየወሩ ሲጨምር ሜታዶን ያለበት ሞት ባለበት ቆይቷል። የተፈራው ጎርፍ አልመጣም።

ከወሊድ በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጥ ያስቆጫል። በሚያዝያ 2020 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ኮሮና የተገኘባት እናት ከጨቅላዋ ለጊዜው እንድትለይ መከረ፤ በሐምሌ ግን ምክሩን አሻሽሎ በጥንቃቄ አብረው ይሁኑ አለ። መለያየቱ በኦፒዮይድ ለተጎዳ ሕፃን እጥፍ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም እቅፍ፣ ጡትና ጸጥ ያለ ክፍል የእሱ መድኃኒት ናቸው። በወረርሽኙ ወቅት በ26 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ይህን ይደግፋል። የሕፃኑን ምልክቶች አንድ በአንድ ነጥብ እየሰጡ ሞርፊን ከመጨመር ይልቅ፣ ይጠባል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ሲያባብሉት ዝም ይላል ወይ ብለው የተከታተሏቸው ጨቅላዎች በአማካይ በ8.2 ቀን ወደ ቤት ለመሄድ ደረሱ፤ በተለመደው መንገድ የታከሙት 14.9 ቀን ፈጅቶባቸዋል። የኦፒዮይድ መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከ52 በመቶ ወደ 19.5 በመቶ ወረዱ። በዚህ ሕክምና ውስጥ የእናት ክንድ ጠያቂ ሆኖ የሚመጣ ሳይሆን ዋናው መሣሪያ ነው።

እናት ካልተቀጣች ልጁን ማን ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። የቴነሲ ግዛት የቅጣቱን መንገድ ሞክራለች፤ በ2014 በእርግዝና ጊዜ ዕፅ የወሰደችን ሴት ለክስ የሚዳርግ ሕግ አወጣች። ሴቶቹ ክሱን ፈርተው ከቅድመ ወሊድ ክትትል መሸሻቸው ተነገረ፤ ሕጉም በ2016 ሳይታደስ አበቃ። ክትትል የሸሸች ነፍሰ ጡር የደም ግፊቷንም፣ የጽንሱን ዕድገትም፣ ሱሷንም የሚያይላት የለም። ልጁን የሚጠብቀው እናቱ በራሷ እግር ወደ ሐኪም መምጣቷ ነው።

በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት ሜታዶንን ወደ ቤት የመውሰዱን ፈቃድ ቋሚ አደረገ። በአንዳንድ ግዛቶች ግን ሐኪም ያዘዘላትን ያንኑ ሜታዶን እየዋጠች የወለደች እናት አሁንም ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ትደረጋለች። ሐኪሟን ያመነች ሴት እንደ ተጠርጣሪ የምትታይበት ይህ አሠራር ነው ቀጥሎ መነሳት ያለበት።