አውቶቡስ ተራ ሲታደስ መንገደኛው አይረሳ

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ የኛ ሠፈር ወደብ አውቶቡስ ተራ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው የመርካቶን ምድር የሚረግጠው፣ ነጋዴውም ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚያ በር ነው። ስለዚህ መናኸሪያው ይታደስ የሚለው ጥያቄ የመንገደኛው ብቻ ሳይሆን የኛ የነዋሪዎቹም ጥያቄ ነው።

ግን እድሳት ስንል ምን ማለታችን ነው? አጥሩን ቀለም መቀባትና በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ መስቀል ከሆነ ይቅርብን። አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነሳው በማለዳ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ሕፃን አዝላ፣ ጓዟን ተሸክማ የምትመጣውን እናት እናስብ እንጂ። ዝናብ ቢመጣ የምትጠለልበት ጣራ፣ አረፍ የምትልበት አግዳሚ ወንበር፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋታል። አውቶቡሷ የቱ እንደሆነ ደላላ ሳይጎትታት ማወቅ አለባት። መብራትም እንዲሁ፤ ኪስ አውላቂ ጨለማ ይወዳል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መጸዳጃ ቤቱ ይቅደም እንላለን። ይህን በሰሌዳ ላይ መጻፍ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በየአጥሩ ሥር የሚሆነውን እያየን ዝም ማለታችን ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰሜን ደቡብ ቀላል ባቡር አውቶቡስ ተራ የተባለ ጣቢያ አለው። ከባቡር የወረደው ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በታክሲና በጋሪ መካከል እንዳይሹለከለክ፣ እስከ መናኸሪያው በር የሚያደርስ የእግረኛ መንገድ በእድሳቱ ውስጥ ይታሰብ።

አንድ ሥጋት አለን፤ እሱም ይታደሳል ተብሎ የተዘጋው በዚያው እንዳይቀር ነው። ላምበረት፣ አስኮ፣ አየር ጤናና ቃሊቲ ያሉት መናኸሪያዎች ስምሪቱን ተካፍለዋል፤ ጭንቅንቁን ስለሚያቃልሉ አንቃወምም። ይሁን እንጂ ለገሃርን እንይ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ለገሃር የመንገደኛ ሠፈር ሆኖ ኖረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ግን መንገደኛውን የሚያሳፍረው በከተማው ዳር፣ በፉሪ ለቡ በኩል ነው። ለገሃር ስሙ ቀረ፣ መንገደኛው ሄደ። እዚህም እንዲሁ ቢሆን ሻይ አፍይዋ፣ አልጋ አከራዩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ሊስትሮው እንጀራቸው የት ይገኛል? ስለዚህ ሥራው በከፊል በከፊል ይሁን፤ ግማሹ ሲቆፈር ግማሹ ይሥራ። ለአነስተኛ ነጋዴዎችም ጊዜያዊ ቦታ ቁፋሮው ሳይጀመር በዕጣ ይሰጣቸው፤ ከተነሡ በኋላማ ማን ያስታውሳቸዋል!

ደግሞ ጣታችንን ወደ ራሳችንም እናዙር። የጎርፍ መውረጃውን ቦይ የሚደፍነው የማን ካርቶንና ፌስታል ነው? የኛው ሱቅ አይደለም እንዴ? ሐምሌ ላይ ውሃው መንገድ ለመንገድ ሲፈስ ግን መንግሥትን እናማለን። እንግዳ ሰው ሲያዩ የአልጋ ዋጋ የሚሰቅሉም ከመካከላችን አሉ፤ ማንነታቸውን እናውቃለን፣ ለዛሬ ስማቸውን አንጠራም።

ማኅበራችን ለወረዳው የሚያቀርበውን ማመልከቻ እያዘጋጀ ነው። በተለይ በመናኸሪያው ዙሪያ ሠርታችሁ የምታድሩ ሁሉ፣ ምን ቢስተካከል እንደምትሹ ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ጨምሩ። መጻፍ የማይችል ካለ የሠፈሩ ተማሪዎች ይጻፉለት።