አለንጋ ያስሮጣል እንጂ አያላምድም

ደብረ ብርሃንም ይሁን ሻሸመኔ፣ ጠዋት ጋሪ ማቆሚያ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ፈረስ ይለያል። አንዱ ነጂው ሲመጣ ጆሮውን ወደ ድምፁ ያዞራል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ልጓሙን ይቀበላል። ሌላው እጅ ከፍ ሲል ገና ይደነብራል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፤ ልጓም ለማስገባት ሁለት ሰው ይታገለዋል። ዘራቸው አንድ ነው፤ መንገዱም ጭነቱም አንድ ነው። የሚለያያቸው በየቀኑ የሚነካቸው እጅ ነው።

ነገሩ የጋሪ ነጂዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታለፍ የለበትም። ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ያሏት፣ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። ጀግኖቿንም በፈረሳቸው ስም ትጠራለች፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የተሸለመው ፈረስ ፎቶ በየገጹ ይለጠፋል። በማግሥቱ ጫንቃው የተላጠ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር ሲገረፍ ግን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። በበዓል የሚከበር፣ በሥራ ቀን የሚረሳ ፈረስ ይዞ በፈረስ መኩራት ያስተዛዝባል።

ፈረስ የሚደነብረው አመሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። በተፈጥሮው በአውሬ የሚታደን፣ ነፍሱን በሩጫ የሚያተርፍ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ግንባሩ ሥር የተጠጋውንና ልክ ከጭራው ጀርባ ያለውን ነው። ስለዚህ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ የመጣ ሰው ለእሱ ከጅብ አይለይም። በትከሻው በኩል እየተናገረ የሚቀርበው ግን ወዳጅ ነው። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ፈረሶች የተቆጣ ሰው ፎቶ ሲያዩ የልብ ምታቸው ቶሎ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ፎቶ እንዲህ ካደረገው፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ የሚመጣ ጌታ ምን ያደርገው ይሆን?

መተማመን የሚገነባው በትንንሽ ነገር ነው። ጋሪው ከመጠመዱ በፊት አንገቱን ማሸት። ድንጋይ እስኪሰካበት ሳይጠብቁ በሰላሙ ቀን እግሩን እያነሱ ሰኮናውን ማየት፣ መያዝንም ማስለመድ። ልጓም ተስቦ ፈረሱ ሲቆም ወዲያው ማላላት። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ ይልቅ ከመላላቱ ነው፤ ከቆመም በኋላ የሚሳብበት ከሆነ መቆሙ ምን እንዳተረፈለት አያውቅም፤ አፉ ይደነድናል፣ ነጂውም የባሰ ይስባል። ቁስል ያለበት ፈረስ ሲጠመድ ቢናከስ «አመለኛ» ከመባሉ በፊት ጫንቃው ይታይ። ለሕመሙ ከተመታ፣ ሰው ሲቀርበው ሕመም እንደሚመጣ ይማራል።

«ሰው ራሱ ሳይጠግብ ለፈረስ ማሰብ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ጋሪውም ፈረሱም የሌላ ሰው ሆኖ፣ ማታ ለባለቤቱ ቁርጥ ገንዘብ ማስገባት ያለበት ወጣት አለ። እጁ ላይ ያለው አለንጋ ከጭካኔ ይልቅ የጥድፊያ ነው። ሆኖም ሒሳቡ ሲሠራ አለንጋው ያከስራል። የደነበረ ፈረስ ባጃጅ መሃል ሲገባ የሚሰበረው የነጂው እግር፣ የሚወድቀውም ተሳፋሪው ነው። ፈረሱ ያነከሰ ዕለት የወጣቱ እንጀራ አብሮ ያነክሳል። አንገት ማሸት ግን ምንም አያስከፍልም።

እዚህ ላይ የከተማ አስተዳደሮችም ድርሻ አላቸው። ለጋሪ ታርጋ መስጠትና «ከአስፋልት ውጣ» ብሎ መቅጣት የሚችል አካል፣ ማቆሚያው ላይ ጥላና የውሃ ገንዳ ማዘጋጀት አያቅተውም። ታርጋ ሲታደስ ከጋሪው ጎማ ጋር የፈረሱ ጫንቃና ሰኮናም ይታይ። አዲስ ነጂ ብቻውን ከመውጣቱ በፊት ልምድ ካለው ጋር ይሥራ። ፈረሱ ቆስሎ ሲገኝም ከተቀጣሪው ልጅ በፊት ገቢውን የሚሰበስበው ባለቤት ይጠየቅ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረቱ። የሰውን ድርሻ ፈረስ እንደማይሠራው ለማስታወስ ነው። ፈረሱ ዛሬም ድርሻውን ከንጋት እስከ ምሽት እየተወጣ ነው፤ ውሃ፣ አሸዋ፣ እህል፣ ሰው ያደርሳል። የቀረው የሰው ድርሻ ነው። የአገር ጀግኖች ለስማቸው የመረጡት ፍጡር፣ ጠዋት ልጓም ሲገባለት «አይዞህ» ቢባል አይበዛበትም።