የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ ነው?



በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ ስለ ሦስት ነገሮች አሳቤን ለመግለጽ እወዳለሁ፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ስለምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች፥ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚከማችበት ስለ ባትሪና ስለ አውሮፓ መንግሥታት ፖለቲካ ነው። ርእሱን ለጓደኞቼ ብነግራቸው፥ «ሦስቱን ምን አገናኛቸው? አንተስ አቀስታ ላይ ተቀምጠህ የአውሮፓ ፖለቲካ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ሦስቱም አንድ ጉዳይ ናቸው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም የምጀምረው ሩቅ ሳልሄድ ከዚሁ መጽሔት ዝግጅት ነው።

ጽሑፍ የምንሰበስብ ተማሪዎች ከዓመታት በፊት የተጻፉ ድርሰቶችን ለመመልከት ፈልገን፥ ድርሰቶቹ የተቀመጡበትን ፍላሽ ይዘን ወደ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ፋይሉ ተከፈተ፤ ነገር ግን በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደል፥ የነጥብና የቅንፍ ክምር ወጣ። በሁለተኛው ቤትም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኘ፤ ድርሰቶቹ የተጻፉበት የጥንቱ ፕሮግራም ስለ ነበረው ፊደሉ ደኅና ሆኖ ታየ። እኛም ደስ ብሎን፥ ያንን እያየን ከጎኑ ባለው ኮምፒዩተር እንደ ገና መተየብ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ሠራን መብራት ሄደ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ አንድ ጊዜ ጮኸና እሱም አብሮ ጠፋ። በየመካከሉ ሴቭ አላደረግንም ነበርና የተየብነው ሁሉ ባከነ። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ አሮጌው ኮምፒዩተር አልነሣ አለ፤ እስካሁንም አልተነሣም።

ሴቭ አለማድረጋችን የራሳችን ጥፋት መሆኑን አልክድም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ጽሑፋችን በኪሳችን እያለ ማንበብ አልቻልንም፤ መብራት ሲሄድም ለአምስት ደቂቃ የሚበቃ ኃይል አላኖርንም።

እኛ የለጋምቦ ሰዎች ስለ ማኖር አስተማሪ የሚያስፈልገን አልነበረም። ገብሱ ከአውድማ ሲገባ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ እንደማያጭድ ያውቃል፤ ስለዚህ ጎተራውን ይለቀልቃል፥ ከነቀዝና ከአይጥ ይጠብቃል፥ ለዘር የሚሆነውንም ለብቻ ያስቀምጣል። ጎተራውን ከማያውቀው ሰው ግቢ ሠርቶ መክፈቻውንም ለዚያው ሰው የሚሰጥ ገበሬ አላየሁም። እኛ ተማሪዎች ግን በጽሑፋችን ረገድ ይህንኑ እናደርጋለን፤ በኤሌክትሪኩ ረገድ ደግሞ ጭራሽ ጎተራ አልሠራንም።

ስለ ኃይሉ አስቀድሜ ልናገር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው፥ ከኋላው ያለው ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህም ታላቅ ጎተራ ነው፤ በክረምት የዘነበውን ለበጋ ያኖራልና። ከወሎ ደጋ ተነሥቶ በበሽሎ በኩል ወደ አባይ የሚወርደው ውሃ ሳይቀር እዚያ ይገባል። ይሁን እንጂ ግድቡ የቱንም ያህል ቢሞላ፥ በመንገድ ላይ አንድ ምሰሶ በነፋስ ቢወድቅ ወይም አንድ ሽቦ ቢበጠስ የእኛ ቤት ይጨልማል። ስለዚህ ከታላቁ ጎተራ ሌላ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ትንሽ ጎተራ ያስፈልጋል።

ትንሹስ ምን ያህል ይይዛል? በብዙ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው የእርሳስ ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 120 ዋት ያህል ቢወስድ፥ በስሌት 42 ደቂቃ ሊያሠራ ይገባው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ባትሪ በፍጥነት ሲጠጣ ሙሉውን አይሰጥም፤ ኃይሉ ለኮምፒዩተሩ እንዲስማማ ሲለወጥም ጥቂቱ ይባክናል። አዲስ ሳለ እንኳ ሩብ ሰዓት ቢያቆይ መልካም ነው። ባዶውን የከረመ እንደ ሆነ ደግሞ በእርሳሱ ሰሌዳዎች ላይ እንደ ጨው ያለ ነገር ይጋገርበታል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ ቢያድርም አይዝም። መብራት በሄደ ቁጥር እስኪጠፋ ድረስ በዩፒኤስ መሥራት ባትሪውን መግደል ነው። የአገራችን ብርድም ይጨመርበታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት፥ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ የእርሳስ ባትሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። አያቶቻችን የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክምባቸው ፀሐይ ላይ ያሰጡት የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ ሙቀት በውስጡ የቀረችውን ጥቂት ኃይል ለማውጣት ይረዳልና። ድንጋዩ ግን አዲስ አይሆንም፤ ይህን ለአያቴ ማስረዳት እስካሁን አልሆነልኝም።

ላፕቶፕ 45 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ቢኖረው፥ ለጽሕፈት ሥራ ከ10 እስከ 15 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል። ይህም ከዚያኛው ባትሪ በግማሽ ያህል ኃይል ዐሥር እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ መሥራት ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት አዲስ ኮምፒዩተር የሚገዛበት ቀን ሲመጣ፥ ግርማ ካለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይልቅ ላፕቶፕ ይሻላል እላለሁ። «ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ባትሪው ሲሞትም ለመለወጥ ያስቸግራል» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ መልስም የለኝም። ወደ ሁለተኛው አውሮፓ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጽሑፋችን እንመለስ። ፊደሉ ስለ ምን ተበላሸ? ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። ቀድሞ በአንድ የፊደል ሣጥን ውስጥ 256 ቦታ ብቻ ነበረ፤ የእኛ ፊደል ግን ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 በላይ ስለሆነ አልበቃውም። የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ባለሙያዎችም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ አስቀመጡት፤ ለአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር ለሌላው «መ» ሆነ። እነዚህን ሰዎች ማማት አልፈልግም፤ አማርኛ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተሻገረው በእነርሱ ድካም ነው። ኋላ ግን፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999፥ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ የኢትዮጵያን ፊደል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ቁጥር ሰጠው። ዛሬ «ሀ» በቶኪዮም በደሴም አንድ ቁጥር ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በስልክም በኮምፒዩተርም ይነበባል፤ በአሮጌው ዘዴ የተጻፈው ግን ያ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒዩተር እስኪሞት ድረስ ብቻ ይኖራል። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ደብዳቤና ስንት ቃለ ጉባኤ እንዲህ ተቆልፎ ቀርቶ ይሆን?

የፊደሉ ነገር ቢስተካከል እንኳ የምንጽፍበት ፕሮግራም የሌላ ሰው ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዓት ያደርግ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን የቆዩ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ሳይጎድለው የሚሠራ ኮምፒዩተር በአንድ ቀን አሮጌ ተባለ። ፕሮግራሙን ስንጭን «እስማማለሁ» የሚለውን ነክተን አልፈናል፤ ያንን ረጅም እንግሊዝኛ ግን ማን አነበበው? የወሎ ልጆች ነንና የውጫሌን ውል እዚህ ላይ ባነሣ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችን ተምረናል። የኮምፒዩተር ውልና የመንግሥት ውል እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ያላነበብነውን ለመፈረም ከሌላው ሰው ይልቅ እኛ መፍራት ይገባን ነበር።

የአውሮፓ ፖለቲካ የሚገባው እንግዲህ እዚህ ነው። ብዙዎቻችን አውሮፓ ሲባል የሚታየን ጦርነት፥ ምርጫና ስደት ነው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ እግር ኳሱ ብቻ። የአውሮፓ ኅብረት ግን 27 መንግሥታትና ወደ 450 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ስላለው፥ ስለ አንድ ዕቃ ሕግ ሲያወጣ ፋብሪካዎች ለእርሱ አንድ ዓይነት፥ ለእኛ ሌላ ዓይነት መሥራት አይመቻቸውም። በ2022፥ እንደ እነርሱ አቆጣጠር፥ ባወጣው ሕግ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በኅብረቱ አዲስ የሚሸጥ የእጅ ስልክ በታይፕ ሲ ቻርጀር የሚሞላ እንዲሆን አዘዘ፤ አፕል እንኳ በ2023 ስልኩን ወደዚሁ ለውጧል። በ2023 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፥ ከየካቲት 2027 ጀምሮ በትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ሊለውጠው የሚችል መሆን አለበት ይላል። «ላፕቶፕ ባትሪው ሲሞት ያስቸግራል» ላሉኝ ሰዎች መልሴ ይህ ነው። ብራስልስ ላይ የተነሣ እጅ አቀስታ ላይ ባትሪ ያስለውጣል፤ ያንን እጅ ግን እኛ አላነሣነውም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የዚያው የዊንዶውስ 10 ነገር ነው። የአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት ስለ ተቃወሙ፥ ኩባንያው በዚያ ላሉ ሰዎች ለአንድ ዓመት ተጨማሪ እድሳት ያለ ክፍያ ፈቀደላቸው። በሌላው ዓለም ያለ ሰው ግን 30 ዶላር እንዲከፍል፥ አለዚያም የኮምፒዩተሩን ቅንብር በኩባንያው ዘንድ እንዲያስቀምጥ ወይም የኩባንያውን ነጥብ እንዲያጠራቅም ተጠየቀ። ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ እነርሱ ተሰብስበው ስለ ጠየቁ ብቻ ተለዩ።

በጀርመን አገር ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው ክፍለ ግዛት ከዚህም አልፎ፥ በ2024 ወደ 30,000 የሚሆኑ የመንግሥት ኮምፒዩተሮችን ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብሬ ኦፊስ እንደሚያዛውር አስታወቀ። ሊብሬ ኦፊስ በ2010 የተጀመረ፥ እንደ ወርድ ደብዳቤ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም፥ አሠራሩም ለማንም ግልጽ ነው። የክፍለ ግዛቱ ምክንያት፥ የመንግሥት ጽሑፍ መክፈቻው በመንግሥት እጅ ይሁን የሚል ነው።

ነገሩን አሳምሬ ብቻ ባቀርብ ግን ታማኝ አልሆንም። ሙኒክ የተባለችው ከተማ በ2004 ጀምራ ኮምፒዩተሮቿን ሊኑክስ ወደተባለው ነፃ ሥርዓት ለማዛወር ከዐሥር ዓመት በላይ ከደከመች በኋላ፥ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንድትመለስ ወሰነ። ሠራተኞቹ ከሌሎች ጋር የሚለዋወጡት ጽሑፍ ቅርጹ እየተበላሸ አስቸግሯቸው ነበር፤ የከተማዪቱም ፖለቲካ ተለውጦ ነበር። እንዲህ ያለ ሀብትና ባለሙያ ያላት ከተማ ከተቸገረች እኛ እንዴት እንችላለን የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን ለእኛ ይቀላል እላለሁ፤ ሙኒክ የብዙ ዘመን ጽሑፍና ልማድ ማዛወር ነበረባት፥ እኛ የምናዛውረው በአንድ ፍላሽ የሚያልቅ ነው።

«ወርድም ቢሆን ከገበያ በነፃ ይገለበጣል፤ ሌላ ምን አስፈለገን?» ያለኝ ጓደኛ አለ። እውነቱን ነው፥ ይገለበጣል። አብሮት የሚመጣውንም ሁላችን እናውቀዋለን፤ ፍላሻችንን ሰክተን ፋይሎቻችን ሁሉ ጠፍተው ባዶ ሾርትከት ብቻ ያየንበትን ቀን የሚረሳ ተማሪ የለም። ደግሞም ተሰርቆ የተገለበጠ ዕቃ ይዞ ኩባንያውን ስለ መብቴ ልጠይቅ ማለት እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ለመጽሔታችን አዘጋጆች የማቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። ከዚህ እትም ጀምሮ ድርሰቶች ሁሉ በዩኒኮድ ፊደል ይተየቡ፥ በሊብሬ ኦፊስም ይቀመጡ። ይህ ፕሮግራም መብራት ድንገት ቢሄድ ጽሑፉን ለማትረፍ በየ10 ደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል፤ በየ2 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ማዘዝም ይቻላል፤ ለእኛ ከተማ ሁለቱ ይሻላል። ዩፒኤሱ ሲጮኽ ሥራ መቀጠል ቀርቶ ሴቭ አድርጎ መዝጋት ልማድ ይሁን። አንድ የወረቀት ቅጂም በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ይቀመጥ፤ ወረቀት ባትሪም ፕሮግራምም አይጠይቅምና።

ከጠፉት ድርሰቶች አራቱን አንድ መምህር ካኖሩት የወረቀት ቅጂ እያየን እንደ ገና ተይበናል። የቀሩት ገና አልተገኙም። የቀድሞው መጽሔት በቤቱ ያለ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ቢኖር ለአንድ ሳምንት ቢያውሰን፥ ተይበን እንደ ጨረስን መጽሔቱን በንጽሕና እንመልሳለን።