ያልገባች ጎል ዜና አትሆንም

ሰሞኑን ከወንድሜ ጋር ሰፈራችን ካለው የዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ነበር። (አዎ፣ ሴት ልጅም ዲኤስቲቪ ቤት ትገባለች፤ ሻዩ ብቻ ውኃ ውኃ ይላል።) ማርኩስ ቱራም ኳስ ሲነካ ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ «የዚህ አባት እኮ ትልቅ ተጫዋች ነበር» አለ። ጓደኛው ወዲያው፣ «ስንት ጎል አለው?» ሲል ጠየቀው። «ኧረ ተከላካይ ነው!» የሊሊያን ቱራም ነገር በዚሁ ተዘጋ።

ለጥያቄው መልስ አለው። ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን 142 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ሁለት ጎል ነው። ሁለት!

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን ዜና ማለት የሆነ ነገር መሆኑ ነው። የተቃጠለ ቤት ዜና ነው፤ ሳይቃጠል ያደረ ቤት ግን ማንም አይጽፍለትም። የተከላካይ ችግርም ይኸው ነው። ሥራው ነገር እንዳይሆን ማድረግ ስለሆነ፣ ሲሳካለት የሚጻፍ ነገር የለም። ስሙ የሚነሳው የሳተ ቀን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1998 በስታድ ደ ፍራንስ የሆነውን እንይ። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፈረንሳይ ከክሮኤሺያ። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ዳቮር ሹከር አገባ። ጎሉ የገባው የፈረንሳይ ተከላካዮች ወደ ፊት ሲወጡ ቱራም ወደ ኋላ ቀርቶ ሹከርን ከኦፍሳይድ ስላዳነው ነው። ጨዋታው በዚያ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ቱራምን የምናውቀው በዚያች አንድ ስህተት ነበር። እሱ ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከቦባን እግር ኳስ ነጥቆ፣ ከጆርካዬፍ ጋር ተቀባብሎ አቻ አደረገ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲቀር ደግሞ በማይጠቀምበት ግራ እግሩ ሁለተኛውን ደገመ። በዕድሜ ልኩ ለሀገሩ ያገባቸው ሁለት ጎሎች እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ምሽት።

ያን ምሽት ሁሉም ያስታውሰዋል። ከዚያ በኋላ ሎራን ብላን በቀይ ካርድ ወጥቶ ፈረንሳይ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በአሥር ሰው ስትከላከል ግን ማን ያስታውሳል? በዚያ የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ በሰባት ጨዋታ የተቆጠረባት ሁለት ጎል ብቻ ነው፤ አንደኛው የሹከር፣ ሌላኛው ፍጹም ቅጣት ምት። በድሉ ምሽት ሻንዜሊዜ ላይ የበራው ግን የዚዳን ፊት ነበር። ዚዳን አይገባውም ለማለት አይደለም። በሩን የዘጉትም መቆጠር አለባቸው ለማለት ነው።

ቱራም ከሞናኮ እስከ ፓርማ፣ ከጁቬንቱስ እስከ ባርሴሎና በሩን ሲዘጋ ኖረ። በተሰላፊነት ብዛት የያዘውን የፈረንሳይ ወንዶች ቡድን ክብረ ወሰን በ2022 የሰበረበትም አጥቂ ሳይሆን በረኛው ሁጎ ሎሪስ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን የእናቱ ታሪክ ነው። ቱራም በ1972 የተወለደው በጓዴሎፕ ደሴት ነው። እናቱ ልጆቿን እዚያው ትታ ወደ ፈረንሳይ ሄደች፤ በጽዳት ሠራተኝነት ሠርታም በ1981 ወሰደቻቸው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ በካርቱን ፊልም በምትታወቅ አንዲት ጅል ጥቁር ላም ስም ይጠሩት ጀመር። ጥቁር መሆኑን ያወቀው ያኔ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

ይህን ታሪክ ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ቤይሩት አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ዘመድ ሁሉ የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ «ቤት ሠራሽ?» አልሠራችም። አራት ልጆቿ ግን አንድም ቀን ከትምህርት ገበታ አልቀሩም፤ አንድም ቀን ጦማቸውን አላደሩም። ይህንን የቆጠረላት የለም። «ስንት ጎል አለው?» ያለው ልጅና ዘመዶቼ የሚቆጥሩት በአንድ ሚዛን ነው።

ቱራም ከሜዳ ውጭም ተከላካይ ነበር። በ2005 የፓሪስ ዳርቻ ሰፈሮች ሲነዱ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኒኮላ ሳርኮዚ ወጣቶቹን በተሳደበ ጊዜ፣ እኔም የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ ብሎ በአደባባይ መለሰለት። በ2006 ካሻን ውስጥ ከሰፈሩበት ሕንፃ በፖሊስ የተባረሩ ስደተኞችን እሱና ፓትሪክ ቪዬራ የፈረንሳይና የጣሊያንን ጨዋታ ስታዲየም ገብተው እንዲያዩ ጋበዟቸው። «ኳስህን ተጫወት» ያሉት ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ዕድሜውን ሙሉ አደጋን ከሩቅ ማየት የለመደ ሰው ከሜዳ ሲወጣ ዓይኑን ለምን ይጨፍናል እላለሁ።

በ2008 ወደ ፓሪ ሳን ዠርማ ሊገባ ሲል የልብ ችግር ተገኘበትና ጫማውን ሰቀለ። በዚያው ዓመት ዘረኝነትን በትምህርት የሚዋጋ ፋውንዴሽን አቋቋመ።

ጎል አይቆጠር አላልኩም፤ እኔም ጎል ሲገባ ከወንበሬ እነሳለሁ። ግን እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ምንም ክፉ ነገር ሳይሆን የዋለ ከሆነ፣ ማን እንዳይሆን እንዳደረገው ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤት ታገኟታላችሁ።

ቸር እንሰንብት።