በሰዓቱ መቆም የሚያውቅ ሾፌር

“አንድ ዙር ብቻ ቀረኝ!” የሚለውን ቃል በቤቱ ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። እራት ቀርቧል፣ ነገ ትምህርት አለ፣ ልጁ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ጆይስቲኩን ጨብጦ መኪና ይነዳል። እኛ “አጥፋ!” እንላለን፤ እሱ “አሁን ካጠፋሁት የለፋሁት ሁሉ ገደል ገባ” ይላል። የሚገርመው ሁለታችንም እውነታችንን ነው።

ስለ ጌም ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ እሱን አልደግምም። ላወራችሁ የፈለግሁት ልጆቻችን እዚያ ውስጥ ስለሚያሸንፉበት መንገድ ነው። የረጅም ሰዓት የመኪና ውድድር የሚባለውን የጨዋታ ዓይነት በቅርብ ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ጨዋታው የተሠራው ጣቱ ለፈጠነ ልጅ ሳይሆን መቼ መቆም እንዳለበት ለሚያውቅ ልጅ ነው።

እኛ ቤት ያለው ግራን ቱሪስሞ ነው። የጃፓኑ ፖሊፎኒ ዲጂታል በካዙኖሪ ያማኡቺ መሪነት የሠራው ሲሆን የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን ወጣ፤ ሰባተኛው በ2022 ደርሶናል። በመሃል የወጡት አንዳንዶቹ ጉድ ናቸው። አራተኛው ውስጥ በጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ መንገድ ላይ የሚደረግ የ24 ሰዓት ውድድር ነበር። 24 ሰዓት ስል ሙሉ ቀንና ሌሊት ማለቴ ነው። አምስተኛው በ2010 ሲወጣ ደግሞ እንዲህ ያለውን ውድድር መሃል ላይ አስቀምጦ በማግስቱ መቀጠል አይቻልም ነበር፤ ዕድሉ የተሰጠው በቀጣዩ ዓመት ነው። ዛሬ ልጆች የሚያዘወትሯቸው ረጅም ውድድሮች ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት የሚፈጁት ናቸው። እሱም ቢሆን ለእራት ሰዓት አይመችም።

እንዲህ ያለው ውድድር ከአጭሩ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ ነዳጅ ያልቃል፣ ጎማም ይበላል። ስለዚህ ሾፌሩ በመሃል ወደ ፒት ገብቶ ነዳጅ መሙላትና ጎማ መቀየር አለበት። ፒት ማለት ከመንገዱ ዳር ያለው የጥገና ማቆሚያ ነው። እዚያ የሚጠፋው ጊዜ ከውድድሩ ሰዓት ላይ ይቆጠራል። የሚሸነፈውም የሚረታውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሰባተኛው ጨዋታ ውስጥ በፈረንሳዩ የሌ ማን መንገድ ላይ የሚደረግ የ30 ደቂቃ ውድድር አለ። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንዱ ዙር ከ13 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። አንድ ዙር 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ማለትም 230 ሰከንድ። 30 ደቂቃው 1,800 ሰከንድ ነው። ሲካፈል ሰባት ዙር አልቆ ስምንተኛው ተጀምሯል። የተጀመረ ዙር መጠናቀቅ ስላለበት ውድድሩ የስምንት ዙር ነው።

አሁን ወደ ነዳጁ። መኪናው በአንድ ዙር ከሙሉ ታንክ 15 በመቶ የሚጠጣ ከሆነ በስድስት ዙር 90 በመቶው ያልቃል፤ ሰባተኛውን አይጨርስም። የግድ ይቆማል። ጌሙ ግን ነዳጅ የሚቆጥብ ማስተካከያ አለው፤ 1 ቁጥር ላይ መኪናው ጉልበቱን ሁሉ ይሰጣል፣ 6 ቁጥር ላይ በጣም ይቆጥባል። በቁጠባ ነድቶ ፍጆታውን ወደ 12 በመቶ ካወረደው ስምንቱን ዙር በ96 በመቶ ይጨርሳል፤ ለነዳጅ ብሎ አይቆምም። በእርግጥ እየቆጠበ ሲነዳ ይዘገያል። በየዙሩ 4 ሰከንድ ቢያጣ በስምንት ዙር 32 ሰከንድ ነው። ፒት ገብቶ መውጣት 45 ሰከንድ የሚያስከፍለው ከሆነ በ13 ሰከንድ አተረፈ። በየዙሩ የሚያጣው 6 ሰከንድ ከሆነ ግን ኪሳራው 48 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ቆሞ መቅዳት ይሻለዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ትምህርት ቤት “መቶኛ” ተብሎ ሲሰጥ የሚያዛጋበት ሂሳብ ነው። ቁጥሮቹን ከራሱ ጨዋታ ላይ እንዲያወጣ ወረቀትና እርሳስ ስጡትና እዩ።

ቁጠባው በማስተካከያ ብቻ አይመጣም። ጎበዙ ተጫዋች መታጠፊያው ጋ ደርሶ ፍሬኑን ከመደቆሱ በፊት ትንሽ ቀደም ብሎ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል፤ መኪናው በራሱ ግፊት ይንሸራተታል። ሞተሩ ሳይጮህ ማርሽ ይቀይራል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ከፊቱ ካለው መኪና ጀርባ ይጠጋል፤ ነፋሱን የፊተኛው ስለሚመክትለት በትንሽ ነዳጅ እኩል ይሄዳል። ለታክሲ ሾፌር ይህን ብትነግሩት ይስቅባችኋል፤ ነዳጅ የሚቆጥበው እንዲሁ ነውና።

ጎማውም እንደዚሁ ነው። ለስላሳው ጎማ መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ይዘገያል፣ ግን ይቆያል። መሪ እየጠመዘዘ፣ ጎማ እያስጮኸ የሚነዳ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ይመራና ከዚያ መኪናው አልታጠፍ ይለዋል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የዝናብ ጎማ ቀድሞ የቀየረ በደረቅ መንገድ ላይ ጎማውን ይጨርሳል፤ የዘገየ ይንሸራተታል። ለዚህ ሲባል ደመናው ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ካርታ ስክሪኑ ላይ አለ። ችኩል ልጅ አያየውም።

ይህ የትዕግሥት ነገር በጌም የተፈጠረ አይደለም። የእውነተኛው የሌ ማን 24 ሰዓት ውድድር ከ1923 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሆነውን ለልጄ ስነግረው አላመነኝም ነበር። በዚያ ዘመን ሾፌሮች ምልክት ሲሰጥ መንገዱን በሩጫ አቋርጠው መኪናቸው ውስጥ ዘለው ይገቡና ይፈተለኩ ነበር፤ አንዳንዱ ቀበቶውን እንኳ ሳያስር። ቤልጅጉ ጃኪ ኢክስ ይህ አደገኛ ነው ብሎ ተቃወመ። ሁሉም ሲሮጥ እሱ በእርጋታ ተራመደ፣ ገባ፣ ቀበቶውን በደንብ አሰረ፣ ከሁሉም መጨረሻ ተነሳ። በዚያው የመጀመሪያ ዙር ላይ ቀበቶ ያላሰረ አንድ ሾፌር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ከ24 ሰዓት በኋላ ኢክስና ጓደኛው ጃኪ ኦሊቨር በ120 ሜትር ገደማ ቀድመው አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት የሩጫው አጀማመር ቀረ።

አያቶች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላችሁ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ጥሎት የወጣው የአክሱም ሐውልት ወደቆመበት ቦታ ሲቃረብ፣ መጨረሻው ላይ ነው። አቅሙን ለዚያች ሰዓት አስቀምጦ ነበር። ይህን በጌም ላይ ለተጣደ የልጅ ልጅ ከእናንተ የተሻለ የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ “አጥፋ!” እንመለስ። የሌ ማን ሕግ አንድ ሾፌር በየትኛውም ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ለዚህም ነው በአንድ መኪና ሦስት ሾፌር የሚፈራረቀው። የዓለም ምርጦች እንኳ ውረዱ ይባላሉ፤ ሲባሉም ይወርዳሉ። ለልጅ “ጌም መጥፎ ነው” ከማለት “እውነተኛ ሾፌር ሲደክመው መሪውን ያስረክባል” ማለት ይበልጥ ይገባዋል።

እኛ ቤት የሠራው ስምምነት ይኸው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት “ስንት ደቂቃ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። 30 ከሆነና እራት ሊቀርብ 20 ደቂቃ ከቀረው አይጀመርም። ከተጀመረ ደግሞ እኔም መሃል ላይ ገመድ አልነቅልም። ለድንገተኛ ጉዳይ ልጁ ለብቻው በሚጫወተው ውድድር ላይ ማቆያ ቁልፍ አለ፤ በኢንተርኔት ከሰው ጋር ሲሆን ግን ውድድሩ እሱን አይጠብቅም፣ ስለዚህ ያ ለቅዳሜ ብቻ ነው። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አስቀድመን ተነጋግረናል። ከጠፋ ጠፋ፤ ማንም ላይ አይጮህም።

እናቴ በዚህ ውስጥ የራሷን ሥራ አግኝታለች። ረከቦቱ አጠገብ ስምንት የባቄላ ፍሬ ትደረድርና አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንዷን ታነሳለች። “እማማ፣ ስንት ቀረን?” ይላታል። “ሦስት ፍሬ። ነዳጅህን እያየህ፣ ልጄ” ትለዋለች። በአራተኛው ጨዋታ ውስጥ ቢ-ስፔክ የሚባል ክፍል ነበር፤ ተጫዋቹ ራሱ አይነዳም፣ እንደ ቡድን መሪ ሾፌሩን “ፍጠን፣ ረጋ በል፣ ፒት ግባ” እያለ ያዛል። የእናቴ ቦታ እሱ ነው። የመኪናውን ስም እንኳ አታውቅም፤ መቼ እንደሚቆም ግን ታውቃለች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጌሙ ብዬ አይደለም። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ “ትምህርት እንዴት ነበር?” ለሚለው ጥያቄ የሚገኘው መልስ “ጥሩ” የምትል አንዲት ቃል ናት። “ስንተኛው ዙር ላይ ጎማ ቀየርክ?” ሲባል ግን ሩብ ሰዓት ያወራል። አንድ ማታ ስለ ዝናብ ጎማ ስናወራ ቆይተን፣ ወሬው ሳይቋረጥ፣ ክፍል ውስጥ ገንዘቡን የሚቀማው ልጅ እንዳለ ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱ ጠቁሮ “ምን ሆነሃል?” ስለው “ምንም” ነበር መልሱ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ከአስተማሪው ጋር ተነጋገርን፤ ነገሩም በጊዜ ተያዘ።

እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። እንዲያስተምራችሁ ጠይቁት እንጂ አታስተምሩት። “ነዳጁ ስንት ዙር ያስኬድሃል?” በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

መልካም ሰንበት።